አጭሩ ቤዝ ለምን አልረከሰም?

«አጭር ከሆነ ለምን አይረክስም?» ይህን ጥያቄ ያነሳው ልጄ ነው። ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ አንስቶ ክብደቱን የሚመዝን ሰው ነው። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። ለሴት ልጁ፣ ለ11 ዓመቷ የልጅ ልጄ ማለት ነው፣ ቤዝ ጊታር ሊገዛላት ቤተሰቡ ገንዘብ አዋጥቷል። እኔ ከጡረታዬ፣ አያቷ ከዕቁቧ ሰጥተናል፤ ቨርጂኒያ ያለው አጎቷ የጎደለውን ሞልቶ ለበዓል ሲመጣ ይዞት ሊመጣ ቃል ገብቷል። የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። ረጅሙን ገዝተን እጇ ካልደረሰ ትተወዋለች። አጭሩን ገዝተን ድምፁ የመጫወቻ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የዕቁቡ ብር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ስለዚህ ያለፉትን ሳምንታት ይህንኑ ሳጣራ ሰነበትኩ። እናንተም ቤት «ቤዝ ካልሆነ አልማርም» ያለ ልጅ ካለ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «አጭር» ሲባል የጊታሩ ቁመት ማለት አይደለም። የሚለካው ክሩ የሚንቀጠቀጥበት ርቀት ነው፤ ከአንገቱ ጫፍ ላይ ካለችው ባለ ጎድጓዳ ነጭ ቁራጭ አንስቶ ክሩ ሰውነቱ ላይ እስከሚያርፍበት ብሪጅ ድረስ። የተለመደው ረጅሙ ቤዝ 34 ኢንች ነው፤ ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አጭሩ 30 ኢንች ነው፤ 76 ሴንቲ ሜትር። ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ መዳፍ ያህል። ለአዋቂ ይህ ምንም አይደለም። ለልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሜትር ይዤ ለካሁት። ቤዝ ሲጀመር ልጆች የሚማሩት አመልካች ጣትን አንደኛው ፍሬት ላይ፣ ትንሿን ጣት አራተኛው ላይ ማሳረፍ ነው። በረጅሙ ቤዝ በእነዚህ ሁለት ፍሬቶች መካከል 13 ሴንቲ ሜትር አለ። በአጭሩ 11 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። የልጅ ልጄ እጅ ተዘርግቶ አጭሩን ያለ ጭንቅ ይደርሳል፤ ረጅሙን ለመድረስ አንጓዋን ታጥፋለች፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ «አባባ አመመኝ» ትላለች። አባቷ «ትለምደዋለች» ይላል። እጅ ያድጋል፣ እውነት ነው። አንጓን አጥፎ መጫወት ግን ከተለመደ በኋላ እጁ ቢያድግም አይለቅም፤ ይህን የነገረኝ የሙዚቃ መምህሯ ነው።

እንግዲህ አጭሩ የልጆች መጫወቻ ነው ወይ? ታሪኩን ስመለከት እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ 34 ኢንቹን ፕሪሲዥን ቤዝ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ በፊት ቤዝ ማለት ቆመው የሚጫወቱት፣ ሰው የሚያክለው ትልቁ የእንጨት ቤዝ ነበር፤ የእሱ ክር ከአንድ ሜትር ያልፋል። ከእሱ አጠገብ ሲቆም የፌንደሩም «ረጅም» አጭር ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1953 ጊብሰን የራሱን ኤሌክትሪክ ቤዝ ሲያወጣ 30 ኢንች ተኩል አደረገው። በ1956 ደግሞ ጀርመኖቹ ሆፍነሮች የቫዮሊን ቅርፅ ያለውን 30 ኢንች ቤዝ ይዘው መጡ። ስለዚህ አጭሩ ከረጅሙ ተቆርጦ ለልጆች የተሠራ ሳይሆን የሁለት ዓመት ታናሹ ነው።

ያን የቫዮሊን ቅርፅ የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ የገዛው እሱን ነው፤ 30 ፓውንድ ገደማ። ማካርትኒ ግራኝ ነው፤ የቫዮሊኑ ቅርፅ ደግሞ ሁለቱም ጎን እኩል ስለሆነ ተገልብጦ ሲያዝ አያስቀይምም። ፌንደር ደግሞ ለኪሱ የማይደፈር ነበር። ያው ጊታር በ1972 ለንደን ውስጥ ከመኪና ተሰርቆ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተገኘ፤ ለባለቤቱ መመለሱም በ2024 ተነገረ። በ30 ፓውንድ የተገዛ ዕቃ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተፈልጎ መገኘቱ ለእኔ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ልጄን ግን አላሳመነውም። «ማካርትኒ በምንም ቢጫወት ማካርትኒ ነው» አለኝ። በዚህ እሱ ልክ ነው።

ወደ ድምፁ ልምጣ። እኛ አገር ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በባህል ባንዶች ውስጥ ቤዝ ክራር የሚባለውን አይታችኋል። ከተራው ክራር ጎን ሲቆም በቁመት እምብዛም ሳይበልጠው ድምፁ ግን ከታች ይመጣል። እንዴት? ክሮቹ ወፍራም ናቸው። ድምፅን ለማውረድ መንገዱ ሦስት ነው፤ ክሩን ማስረዘም፣ ማወፈር ወይም ማላላት። አጭር ቤዝ ርዝመቱን ስለተወ የቀሩትን ሁለቱን ይጠቀማል። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ ረጅሙም አጭሩም። ሁለቱም አንድ ቅኝት አላቸው፣ አጭሩ «ቀጭን» አይደለም። ያንኑ ክር ከረጅሙ አውርዳችሁ አጭሩ ላይ ብትገጥሙትና እኩል ብትቃኙት ግን ውጥረቱ በ22 በመቶ ይቀንሳል። በረጅሙ ላይ 17 ኪሎ ገደማ ተወጥሮ የነበረው፣ በአጭሩ ላይ ወደ 13 ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው።

ይህን አራት ኪሎ የልጅ ጣት በደንብ ያውቀዋል። ለመጫን ይቀላል፤ ክሩም ሲመታ ለስለስ ብሎ ይነሳል። ድምፁ ሲጀምር «ጠቅ» አይልም፤ «ዱም» ይላል። በዚያ ላይ ወፍራም ክር አጭር ሲሆን እንደ ብረት ዘንግ ግትር ይሆናል። ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ቀጫጭን ተከታይ ድምፆች፣ እነዚያ ክሩን እንደ ፒያኖ የሚያስጮኹት፣ ቶሎ ይደክማሉ፣ ከዋናው ጋርም በልክ አይገጥሙም። የሚቀረው ክብ፣ ሞቅ ያለ፣ ጠርዝ የሌለው ድምፅ ነው። አንዳንዱ ይህን «ጭቃ» ይለዋል፤ ሌላው «ማር» ይለዋል።

እኔ ከማር ወገን ነኝ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የተቀዱ ሙዚቃዎችን ስሰማ ቤዙ ከከበሮው ጋር ተዋህዶ እንደ አንድ ሰው ሲራመድ ነው የሚያምረኝ። ዘመናዊ በሆነው፣ አውራ ጣት ክሩን እየመታ እንደ ከበሮ በሚያስጮኸው አጨዋወት ግን አጭሩ ይሰንፋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሁለተኛም ጉድለት አለው። ውጥረቱ ልል ስለሆነ ልጁ ክሩን አጥብቆ ሲጫን ወይም ወደ ጎን ሲስብ ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል። አስተማሪ «ቀስ ብለሽ ያዢው» የሚላት ለዚህ ነው። በረጅሙ ላይ ይህ ስሕተት ብዙም አይሰማም።

አጭር ቤዝ የልጅ ብቻ ነው ለሚል ደግሞ መልሱ ከሰዎቹ ነው። የክሪሙ ጃክ ብሩስ፣ ሴሎ የተማረ ሰው፣ በጊብሰን አጭር ቤዝ ነበር የሚያንጎደጉደው። የቶኪንግ ሄድስ ባንዷ ቲና ዌይማውዝ በፌንደር አጭር ቤዝ፣ በማስታንግ፣ ተጫውታለች፤ ማስታንግ በ1966 የወጣ ነው። ስታንሊ ክላርክ ደግሞ ቁመቱ መለሎ፣ ጣቱ ረጃጅም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ግን አሌምቢክ በሚባል፣ በእጅ በሚሠራና ብዙ ሺህ ዶላር በሚያወጣ አጭር ቤዝ ነው። እሱን ያየ ሰው «እጁ ስላልደረሰ ነው» አይልም።

ዋጋው ላይ ልጄ የያዘው ሐሳብ ይህ ነበር፤ «10 ሴንቲ ሜትር እንጨት ቀንሰው ዋጋውን አልቀነሱም፤ ሊበሉን ነው።» ጊታር የሚጠግን አንድ ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ዘንድ ሄድኩ። አንድ የተበላሸ ቤዝ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካቻቢቴውን አንስቶ ፈታታውና «ጋሼ፣ እስቲ ይቁጠሩልኝ» አለኝ። ቆጠርኩ። አራት መቃኛ። ብሪጁ ላይ አራት ማረፊያ። ሃያ ፍሬት። ሁለት ፒካፕ፣ ማለትም ክሩ ሲንቀጠቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት፣ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ። የድምፅና የቃና መዘውሮች። የገመዱ መሰኪያ። በአንገቱ ውስጥ ደግሞ ክሮቹ እንዳያጎብጡት የሚይዝ ረጅም ብረት። «አሁን አጭሩን ልምጣ» አለኝና ሳቀ። «ያው ነው፤ አንድም አይጎድልም።»

እንጨቱስ? «እንጨቱ ከዋጋው ትንሹ ነው። ርካሽ ጊታር የሚሠራው ውድ ካልሆነ እንጨት ነው፤ ከእሱ ላይ አንድ መዳፍ ብትቀንስ ምን ታተርፋለህ? ገንዘቡ ያለው እጅ ላይ ነው።» ያንን እጅ አንድ በአንድ አሳየኝ። የፍሬቱ ቦታ በመጋዝ ይሰነጠቃል፣ ሽቦው ይደፈናል፣ ጫፉ ይቆረጣል፣ በሞረድ ይላጋል፣ ሁሉም እኩል እስኪሆን ይስተካከላል፣ ይወለወላል። ይህ ሃያ ጊዜ ነው። ሰውነቱ ብርጭቆ ወረቀት ይመታል፣ ቀለም ይረጫል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይመታል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ክር ይገጥማል፣ ይቃኛል፣ ያስተካክላል። አጭር ስለሆነ የሚቀር ሥራ የለም።

ይህን ለልጄ ያስረዳሁት በልብስ ስፌት ነው። ለልጁ ሱፍ አሰፍቶ ያውቃል። ጨርቁ የአዋቂው ግማሽ ነበር፤ ሰፊው ግን የጠየቀው ከአዋቂው ብዙም ያልራቀ ነው። ኮሌታው ያው፣ ኪሱ ያው፣ ቁልፉ ያው፣ ገበሩም ያው ነው። ያን ጊዜ ተከራክሮ ተሸንፏል፤ ስለዚህ ገባው።

እንዲያውም አጭሩን የሚያስወድድ አንድ ነገር አለ። ፋብሪካ መሣሪያውን፣ ማሽኑ የሚቆርጥበትን ልክ፣ ማሸጊያውን ሁሉ ያዘጋጀው ለረጅሙ ነው፤ በብዛት የሚሸጠው እሱ ስለሆነ። አጭሩን ለመሥራት ሌላ ልክ ማዘጋጀት አለበት፤ ወጪው የሚካፈለው ደግሞ በጥቂት ጊታር ላይ ነው። ለዚህ ነው በመካከለኛ ዋጋ ላይ የአጭሩ ምርጫ የሚሳሳው።

ታዲያ ርካሽ የሚባለው አጭር ቤዝ የሚረክሰው በምንድን ነው? በርዝመቱ ሳይሆን በሌላ ነገር ነው፤ ገዢ ማየት ያለበትም እሱን ነው። ጥሩ ምሳሌ ፌንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለተማሪ ብሎ ያወጣው ሚዩዚክማስተር ቤዝ ነው። የተገጠመለት ፒካፕ አንድ ብቻ ነበር፤ ያውም ለስድስት ክር ጊታር የሚሠራውን ነው። ስድስቱ ማግኔት ለአራት ክር እንደተሠራ ሁሉ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ተገጠመ። ፋብሪካው አዲስ ነገር መሥራት አላስፈለገውም፤ ከመደርደሪያ ያለውን አነሳ። በዚህ አልፈርድም፤ ድምፅ ይሰጣል። በዚያው አገር ዳንኤሌክትሮ የተባለው ድርጅትም ገና በ1950ዎቹ ጊታሮቹን በእንጨት ክፈፍ ላይ ከታመቀ የእንጨት ጭረት በተሠራ ሰሌዳ ይሸፍን ነበር፤ ፒካፑን የሚከተው ደግሞ የከንፈር ቀለም በሚገባበት የብረት ቀፎ ውስጥ ነው። ርካሽ ነበሩ፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል።

ሌላው የዋጋ ምክንያት የሠሪው እጅ ያለበት አገር ነው። የሆፍነር ቫዮሊን ቤዝ ጀርመን ሲሠራ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይሄዳል። ያው ቅርፅ እስያ ተሠርቶ በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣል። የሆፍነሩ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጎኑ በሙቀት ይታጠፋል፣ ፊቱና ጀርባው በኮላ ይያያዛል፣ ጠርዙ ዙሪያውን በነጭ ይከበባል። ይህ የቫዮሊን ሠሪ ሥራ ነው፤ አጭር ሆኖ የሚወደደውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሰውነቱ ድፍን ሆኖ አንገቱ በአራት ብሎን የሚታሰር ቤዝ ማሽን ነው አብዛኛውን የሚሠራለት። የታወቁ ብዙ ብራንዶች ጊታራቸውን የሚያሠሩት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው፤ ኮርት የሚባለው የኮሪያ ድርጅት ሱራባያ ላይ ባለው ፋብሪካው የራሱንም የሌሎችንም ይሠራል። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ጊታሮች ከአንድ ግቢ ሊወጡ ይችላሉ። ስም ብቻ አይተው የሚከፍሉ ወላጆች ይህን ልብ ቢሉ ጥሩ ነው።

የስኳየር ብሮንኮና የአይባኔዝ ሚክሮ ለጀማሪ የሚመከሩ አጫጭር ቤዞች ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ በ200 ዶላር ዙሪያ ሲሸጡ ቆይተዋል። ሚክሮ እንዲያውም ከ30 ኢንች ያነሰ ነው፣ 28.6። በዚህ ዋጋ ምን ይጎድላል? ወዳጄ እንደሚለው የሚጎድለው የመጨረሻው ሰዓት ሥራ ነው። የፍሬቱ ጫፍ በደንብ አይላግም፤ እጅ ሲንሸራተት ይቧጥጣል። ክሩ የሚያርፍበት ጎድጓዳ በበቂ አይጠልቅም፤ ስለዚህ አንደኛው ፍሬት ላይ ለመጫን ልጁ ይታገላል፣ አጭርነቱ የሰጠውን ምቾት መልሶ ይወስድበታል። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት የሚስተካከል ነው። ለጥገና የሚሆን ትንሽ ብር ከጊታሩ ዋጋ ላይ ቀድማችሁ ቀንሱ፤ 50 ዶላር ጨምሮ የተሻለ ስም ከመግዛት ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ያገለገለ ለመግዛት ካሰባችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥራችሁ እዩት፤ ጠማማ ከሆነ ተዉት። ክሩን ባዶውን ምቱ፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ሆኖ መሰማት አለበት። ጆሯችሁን ካላመናችሁት በስልክ የሚጫን ነፃ መቃኛ አለ። ትንሽ መዛነፍ ብሪጁ ላይ ይስተካከላል፤ አጭር ቤዝ ላይ ግን ክሩ አጭር ስለሆነ እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ትበልጥ ትሰማለች። ከዚያ ገመዱን ሰክታችሁ መዘውሮቹን አሽከርክሩ፤ የሚንጫጫ ከሆነ ጽዳት ይበቃዋል፣ ድምፁ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ዋጋ አስቀንሱ።

ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንድ ቃል። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያቆመዋል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ግድግዳውን ራሱን ይዞ ይሄዳል። የእኛ ጎረቤት ሦስተኛው ቀን ላይ መጥተው በትሕትና «ልጅቱ ጎበዝ ናት» አሉን፤ ትርጉሙ ገብቶናል። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ትንሽ ማጉያ ይበቃል። እንዲያውም አነስተኛ ድምፅ ማጉያ የቤዙን ታችኛውን ድምፅ ስለማይደርስበት፣ በማዳመጫ ስትለማመድ ነው የጊታሯን እውነተኛ ድምፅ የምትሰማው።

ወዳጄን ስሰናበተው አጥብቆ ያስጠነቀቀኝ ስለ ክር ነው። እዚህ ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የረጅሙ ክር ነው። እሱን አጭሩ ላይ ሲገጥሙት ወፍራሙ ክፍል ቀጭን መሆን ያለበት ቦታ፣ መቃኛው ላይ፣ ይጠመጠማል፤ ይሰበራል ወይም ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ለቨርጂኒያው ልጄ ደወልኩና ለአጭር ቤዝ የሚል የተጻፈበት ሁለት ሙሉ ክር ጨምሮ እንዲገዛ ነገርኩት። «አባዬ፣ ሁለት ለምን?» አለኝ። የቤዝ ክር እንደ ጊታር ቶሎ ባይበጠስም ላብና ቅባት ሲጠጣ ይደነዝዛል። ቤዝ ተጫዋቾች ደንዝዞ የቆየ ክር በውሃ ቀቅለው እንደሚያነቁት ሰምቻለሁ፤ ሚስቴ ግን ድስቷን እንደማትሰጥ ከአሁኑ አስታውቃለች።

የሻንጣውም ነገር ተፈትቷል። አንገቱ በብሎን የሚታሰር ከሆነ ክሮቹን አላልቶ አራቱን ብሎኖች መፍታት፣ አንገትና ሰውነቱን በልብስ ለየብቻ መጠቅለል ይቻላል፤ ብሎኖቹን በላስቲክ አድርጎ አብሮ ማሰር ነው። እዚህ ሲደርስ ወዳጄ ይገጥመዋል። ከገጠመው በኋላ እንጨቱ የአዲስ አበባን አየር እስኪለምድ ጥቂት ቀን ቆይቶ እንደገና ያስተካክለዋል፤ ለሁለተኛው ጊዜ አያስከፍልም፣ ተነጋግረናል።